ማያዎችና ካካዎ

ጅማ ላደገ ሰው፣ አንድ ፍሬ እንዴት የተከበረ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናው ሲቀዳ ትልልቆቹ ሲመርቁ፣ እኛም አሜን ስንል ነው ያደግነው። ለዚህ ይመስለኛል በዛሬዎቹ ሜክሲኮና ጓቲማላ አካባቢ የኖሩት የጥንት ማያዎችና የካካዎ ነገር ልቤን የወሰደው።

ካካዎ ያው የቸኮሌት ፍሬ ነው። እነሱ ግን በዋናነት ይጠጡት ነበር። ፍሬውን አብላልተው፣ አድርቀው፣ ቆልተው ድንጋይ ላይ ይፈጩታል፤ ከዚያ በውሃ ይበጠብጡታል፣ አንዳንዴም ሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ ይጨምሩበታል። አረፋው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ከ1,200 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የማያ ዋንጫ ላይ አንዲት ሴት ቆማ፣ መጠጡን ከላይ ወደ ታች ስታንቆረቁር ተስላለች። እንዲያረፋ ነው እንግዲህ!

ጓቲማላ ውስጥ፣ ሪዮ አሱል በሚባል ቦታ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ የመኳንንት መቃብር ተገኘ። ውስጡ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ማሰሮ ነበር። ላዩ ላይ በማያ ፊደል ካካዎ ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ ሲመረመርም የካካዎ ቅሪት ወጣ። ሟቹን ያለ ካካዎ አልሸኙትም ማለት ነው።

ከስፔኖች ወረራ በተረፈ አንድ የማያ መጽሐፍ ላይ ደግሞ አማልክት ጆሯቸውን ወግተው ደማቸውን ካካዎ ላይ ሲያንጠባጥቡ ይታያሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዩካታን በሚባለው የማያዎች አገር የነበረው ስፔናዊው መነኩሴ ዲዬጎ ደ ላንዳም፣ ልጆች በአንድ ሥርዓት ላይ አበባና የተፈጨ ካካዎ በተበጠበጠበት ውሃ እንደሚቀቡ ጽፏል። ውሃው ከዛፍና ከዓለት ጎድጓዳ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ነው።

ፍሬው እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ብዙ ሰው የሚያወራው ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን የልጆቹ ሥርዓት ይበልጥብኛል።