ሲሊከንን በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንዳስተማርኩ

ድሬዳዋ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሲሊከንን ቁጥሮች ይሸመድዳሉ፤ ንጥረ ነገሩን ግን አይተውት አያውቁም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ከኦክስጅን ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው እሱ ሆኖ ሳለ ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ከከተማችን ታይዋን ገበያ ዳዮዶች (ከሲሊከን የተሠሩ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ ዕቃዎች) ገዛሁ፤ ከአንድ ሶላር ጠጋኝም የተሰባበሩ ሴሎች ለምኜ አመጣሁ።

ቁጥር ከመጥራቴ በፊት ጓንት አስደርጌ አስነካኋቸው፤ ስብርባሪው እጅ ይቆርጣልና። ሰማያዊው ቀለም የላዩ ስስ ሽፋን ነው፤ ሲሊከኑ ራሱ ጥቁር ግራጫ ነው። እንደ ብረት ያብለጨልጫል፣ ትንሽ ሲያጎብጡት ግን ቀጭ ይላል። «ብረት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክር በዚሁ ተነሣ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።

በ1414 ዲግሪ ሴልሺየስ መቅለጡንና በ3265 መፍላቱን በቃል ብቻ አለፍኩት። አንድ ነገር ላይ ግን ቆየሁ፦ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጠጣር ሲሊከን 2.33 ግራም ሲመዝን ቀልጦ ወደ 2.57 ይደርሳል። ስለዚህ ጠጣሩ በቀላጩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በረዶ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፈው። ቀላጩ ደግሞ ኤሌክትሪክን እንደ ብረት ያስተላልፋል።

ከሁሉ የሠራልኝ የዳዮዱ ሙከራ ነው። የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከብደዋል፤ ሲሊከንስ? ግምታቸውን አስቀድመው እንዲጽፉ አደረግሁ። አብዛኞቹ «ያው ነው» አሉ። ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ኤሌክትሪክ ዳዮዱን ለማለፍ የሚፈልገውን ቮልት 0.6 አካባቢ አነበበ፤ ዳዮዱን ትኩስ ሻይ ያለበት ብርጭቆ ላይ ሳስደግፈው ቁጥሩ ወረደ፣ በበረዶ ሲቀዘቅዝ ወጣ። ቁጥሩ ወረደ ማለት ሲሊከኑ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ቀለለው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ለውጡ 2 ሚሊቮልት ያህል ነው። ሙቀት ተጨማሪ ኤሌክትሮኖችን ከትስስራቸው ስለሚፈታ ነው። ለምትሞክሩት መምህራን፦ ዳዮዱን በጣት አትያዙት፣ የጣት ሙቀት ብቻ ንባቡን ያዛባል፤ ግምቱን ማስጻፍንም አትተዉ፣ ልጆቹ ቁጥሩን በጉጉት የሚከታተሉት በእሱ ምክንያት ነው።

አንዲት ተማሪ ወዲያው «ቲቸር፣ ታዲያ ጣራችን ላይ ያለው ሶላርም ቀትር ላይ ይደክማል?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬአለሁ! አዎ፤ እንደ ዳዮዱ ሲሞቅ ቮልቱ ስለሚወርድ የሲሊከን ሶላር ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ኃይል ያጣል። ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተገጠመ ይብስበታልና ከሥሩ ነፋስ ማሳለፊያ ይተውለት አልኳት። አሁን ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ቀዝቀዝ በምትለው ሐረር የሚያስተምር ባልደረባዬ ተመሳሳይ ሶላር ቀትር ላይ ሊለካልን ተስማምቷል፤ ተማሪዎቼም ግምታቸውን ጽፈው አስረክበውኛል።