ደባል

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ ማታ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ብጠየቅ መልስ የለኝም። እማዬ ከቁስቋም ንግሥ የተመለሰችው 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያን ዳገት በዚያ ጉልበቷ ወጥታ ወርዳ። እግሯን ለብ ባለ ውኃ አጠብኩላት። ሁለት ጉርሻ እንደቀመሰች "ትንሽ አረፍ ልበል" ብላ ገባች፤ እስካሁን አልተነሣችም። ቤቱ ጭር ብሏል። የኅዳር ብርድ በበሩ ሥር እየገባ ነው። መብራት ግን አለ። እንዲህ ያለ ማታ ሲገጥመኝ ሐሳቤን የሚሰበስብልኝ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፌ ጋር ሲንቀጫቀጭ የከረመውን የእህቴን ልጅ ፍላሽ አወጣሁ።

ላፕቶፔን ታውቁታላችሁ። ዊንዶውስ 10 ነው፤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ቆሟል። ወደ 11 እንዳላሻግረው ፕሮሰሰሩ ያረጀ ነው፣ አይቀበለውም። ሌላ መግዛት ደግሞ በዚህ ዋጋ የሚታሰብ አይደለም። የእህቴ ልጅ "ሊኑክስ አድርጊበት፣ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልሻል" ይለኛል፤ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሌላ ስርዓት ነው። እኔ ግን እፈራለሁ። የአባዬ ፎቶዎች፣ የቤቱ ወረቀት ስካን፣ የአሥር ዓመት ሥራዬ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ፍርሃቴን ሲያይ ነው ይሄን መላ የነገረኝ፦ "አክስቴ፣ ዊንዶውሱን አትንኪው። መጀመሪያ ውስጡ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የሐሳብ ኮምፒውተር፣ ሥሪና ሊኑክሱን እዚያ ላይ ጫኚው። እዪው፣ ልመጂው። ከወደድሽው ያኔ ትለውጫለሽ።" ልጁን እንዴት እንደምወደው! ትልቅ ሰው ሳያሳፍር የሚያስተምር ልጅ ብዙ የለም።

ማሽኑን የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ቨርቹዋልቦክስን፣ ከከፈትኩ በኋላ ምን ያህል ራም እንደምሰጠው ጠየቀኝ። አንዲት ተንሸራታች መስመር አለች፤ ግማሿ አረንጓዴ፣ መጨረሻዋ ቀይ። ከ8 ጊጋው 3ቱን ሰጠሁት፣ አረንጓዴው ላይ ቆምኩ። ከቀዩ ከደረሰ ባለቤቱ ዊንዶውስ ራሱ መተንፈሻ ያጣል። ለዲስክ 25 ጊጋ አልኩት፤ ልጁ የሰጠኝ የሊኑክስ ዓይነት፣ ሚንት፣ ቢያንስ 20 ይፈልጋል።

ያስቸገረኝ የሚንት መጫኛው ያለበት ፍላሽ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከፍላሽ ልነሣ ቢሉት አያውቅም፤ የዲስክ ፋይል ስጡኝ ነው የሚለው። ፋይሉን እንዳላወርድ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፤ እጄ ላይ ያለ ነገር ለማምጣት የወር ዳታዬን ልጨርስ? ልጁ ይሄንንም አስቀድሞ ጽፎልኝ ነበር። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በአድሚኒስትሬተር (በሙሉ ፈቃድ) ትከፍቻለሽ፣ "ይህ ፋይል ማለት ያ ፍላሽ ማለት ነው" የምትል አንዲት ቪኤምዲኬ ፋይል ታስፈጥሪያለሽ፣ ከዚያ ማሽኑ ፋይሏን እንደ ሃርድዲስክ ይይዛታል። እዚህ ላይ ቁጥሯ ናት አደገኛዋ። ፊዚካልድራይቭ 0 የላፕቶፑ የራሱ ዲስክ ነው፣ 1 ፍላሹ ነው። በአንዲት አኃዝ ስሕተት የአባዬን ፎቶዎች ለማያውቃቸው ማሽን አሳልፌ ልሰጥ ነው ማለት ነው። የዊንዶውሱ የዲስክ ዝርዝር፣ ዲስክ ማኔጅመንት፣ ገብቼ መጠኑን ሦስት ጊዜ አየሁ። ትንሹ 1 ነው፣ ፍላሹ ነው። 1 ብዬ ጻፍኩ፣ አማተብኩና ኢንተር መታሁ።

የተፈጠረችውን ፋይል በኖትፓድ ከፈትኳት። 1 ኪሎባይት እንኳ አትሞላም። ውስጧ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የዲስኩ ስፋት ይህን ያህል፣ ያለው እዚያ ጋ። አገር ቤት መንገድ የሚያመለክቱ ሽማግሌ አሉ አይደል፣ በከዘራቸው ጫፍ "ያውና" የሚሉ? እንደዚያ ናት። ሙሉ አንድ ስርዓት ከዚህች ብጣሽ ተነሥቶ ይቆማል።

መጀመሪያ አልተፈቀደም አለኝ። ቨርቹዋልቦክስን ራሱን ዘግቼ በአድሚኒስትሬተር ስከፍተው ተነሣ። ጥቁር ስክሪን፣ ከዚያ የሚንት ምልክት፣ ከዚያ ሙሉ ዴስክቶፕ፤ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ቅርጫት፣ የራሱ ሁሉ ነገር ያለው። ዊንዶውሱ ውስጥ፣ በአንዲት መስኮት ልክ ተቀምጧል።

መጫኛውን ስጀምር ሁለት ዲስክ አሳየኝ። ሁለቱም ስማቸው አንድ ነው፣ ቪቦክስ ሃርድዲስክ። በመጠናቸው ብቻ ነው የሚለዩት፦ አንዱ 15 ጊጋ ከምናምን፣ ሌላው 26 ነጥብ 8። (25 ያልኩት 26 ነጥብ 8 የሆነው አቆጣጠሩ በ1,024 እና በ1,000 ስለሚለያይ ነው።) "ዲስኩን አጥፍቶ መጫን" የሚለው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሚጠፋው ባዶው እንደሆነ እያወቅሁም ልቤ ዘለለች። 26 ነጥብ 8ቱን መርጬ እሺ አልኩት።

እሱ ሲገለብጥ እኔ በዊንዶውሱ በኩል ሄጄ ያ ዲስክ የተቀመጠበትን ፋይል አየሁ። መጀመሪያ ሲፈጠር ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነበር። ውስጥ ያለው 26 ነጥብ 8 ጊጋ ቤት አለኝ ብሎ ያምናል፤ ውጪ ያለው ግን የሚሰጠው የተጠቀመበትን ያህል እየለካ ነው። ልጁ እንደነገረኝ ይሄ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ አይቢኤም በፈረንጆቹ 1972 ቪኤም/370 የሚባል ነበረው፣ አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው እየከፋፈለ እያንዳንዱ የራሱ ማሽን ያለው እንዲመስለው ያደርግ ነበር። በእንግሊዝኛ፣ እንዲህ በሌላው ውስጥ ያለውን ስርዓት "እንግዳ" ነው የሚሉት። እኔ ግን እንግዳ የሚለው አልገጠመልኝም። እንግዳ ይስተናገዳል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ይሄ ደባል ነው።

ቃሉን ከጻፍኩት በኋላ ዝም ብዬ አየሁት።

እትዬ ግቢ የነበርነውን ታውቃላችሁ። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ፣ ያቺ በሯ ዝቅ ያለች አንድ ክፍል። እማዬ፣ እኔ፣ ሁለቱ ታናናሾቼ። ግድግዳችን ከእትዬ መኝታ ጋር አንድ ነበር፤ ሲያስሉ ይሰማናል፣ ዳዊት ሲደግሙም ይሰማናል። ግቢው ውስጥ አንድ በርሜል ነበረ፤ ጎኑ ላይ በምስማር የተጫረ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለው የእኛ ነው፣ ከመስመሩ በታች አይነካም። ማን እንደጫረው አላስታውስም፤ እኛ ስንደርስ የነበረ ይመስለኛል፤ ከእኛ በፊትም ደባል ነበረ ማለት ነው።

እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይሄን ደግሜ እጽፋለሁ፣ ክፉ አልነበሩም። በዓል ሲሆን ከድፎው ያቋድሱናል፣ ታናሼ ሲታመም በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለው ጤና ጣቢያ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ቤቱ የእሳቸው ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ሙቀጫውን ነው። እማዬ ቡና ስትወቅጥ ጆንያ አራት እጥፍ አጥፋ ከሙቀጫው ሥር ታነጥፍ ነበር። ድምፁ ታፍኖ፣ ዱም፣ ዱም፣ ከመሬት ውስጥ እንደሚመጣ ይሆናል። ዘነዘናውን ከፍ አድርጋ አታነሣም፤ አጠር አጠር አድርጋ፣ ብዙ ጊዜ። ሌላ ቤት በሦስት ደቂቃ የሚያልቀው እሷ ጋ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ለምን ብለን ስንጠይቃት ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት፦ "እትዬ እንቅልፋቸው ቀላል ነው።" ስንሮጥም "እትዬ እንቅልፋቸው ቀላል ነው"፣ ስንስቅም። እትዬ በጠራራ ፀሐይ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው በርበሬ ሲቀነጥሱ እንኳ እንቅልፋቸው ቀላል ነበር። "ቤታችን ነው" ትለን ነበር እማዬ፤ "ቤታችን ነው፣ ግን ሰው አይረበሽም።" ደባል የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ለትምህርት ቤት ምዝገባ የቀበሌ ወረቀት አስጽፋ ያዢ ብላ ሰጠችኝ። ማንበብ ከቻልኩ ገና ዓመቴ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማነበው፤ የሱቅ ስም፣ የስኳር ከረጢት፣ የመቃብር ድንጋይ። በፋሲል ግንብ አጥር ሥር እየሄድን ወረቀቱን አነበብኩ። ስሜ፣ የእማዬ ስም፣ የቤት ቁጥር። ከቤት ቁጥሩ አጠገብ፣ በቀጭን ብዕር፣ አንድ ቃል፦ ደባል። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እንዴት እንዳወቅሁት አላውቅም፣ ግን አወቅሁት። ወረቀቱን ቃሉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጌ አጠፍኩትና እጄን በእጇ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናናሾቼን ዝም የማሰኘው እኔ ሆንኩ። "እትዬ እንቅልፋቸው ቀላል ነው" እላቸዋለሁ፣ በእማዬ ድምፅ።

ይሄን እያሰብኩ ነው መጫኛው ሰዓት ሰቅ አስመርጦኝ "ማን ነሽ" ወደሚለው ገጽ የደረሰው። ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ "የኮምፒውተርሽ ስም" የሚለውን ሣጥን ሳልነካው እሱ ራሱ ሞላው፦ ስሜ፣ ሰረዝ፣ ቨርቹዋልቦክስ።

ያውቃል። የተቀመጠበትን ማሽን መታወቂያ አንብቦ፣ በማን ቤት እንዳለ አውቆ፣ ከስሙ አጠገብ ጽፎታል። እኔ ግን ቤቱ የራሱ ይመስለዋል እያልኩ ሳዝንለት ነበር።

ቁስቋም የሚለው ስም የመጣው ከግብጽ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት ቦታ ነው፤ የዛሬው በዓል ያንን ስደት የሚያስብ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በስሙ ነው ከከተማው ወጣ ብላ ደብሩንና ቤቷን ያሠራችው። ልጆች ሳለን እማዬ በየዓመቱ ይዛን ትወጣ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የፈረሰው ግንብ ጋ ትወስደንና ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ትቀመጣለች። "ግቢው ውስጥ አዳራሽ ነበራት፣ ከነገሥታቱ ጋር" ትለናለች፤ "ግን እዚህ መጥታ የራሷን ሠራች።" ሁልጊዜ እዚያው "የራሷን" የሚለው ላይ ትቆማለች። ታሪክ የምታስተምረን ይመስለኝ ነበር። እዚያ እንደልባችን እንድንጮህ ትፈቅድልን ነበር፣ ድምፃችን ከግንቡ ነጥሮ ሲመለስ እየሳቀች ትሰማለች። ዛሬስ ብቻዋን እዚያ ተቀምጣ ይሆን? ሳልጠይቃት አጠብኳት፣ ሳልጠይቃት ተኛች።

ይህን የአሁኑን ቤት የሠራን ጊዜ ገና በሩ አልተቀባም ነበር። የመጀመሪያው ማታ ቡና እናፍላ አለች። ቆላች፣ ሙቀጫውን አወጣች። እኔ ተነሥቼ ከዕቃው መሃል ጆንያውን ፈልጌ፣ አራት እጥፍ አጥፌ አቀረብኩላት። እጄ በልማድ ነው የሄደው። እማዬ ጆንያውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ረጅም። "ተዪው" አለችኝ። ዘነዘናውን ከራሷ በላይ ነበር የምታነሣው። ሲሚንቶው ላይ የሚያስተጋባው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ታናናሾቼ ጆሯቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፣ እሷም አልሳቀችም።

አሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። ላፕቶፑ ስክሪኑን ካጠፋ ቆይቷል፣ ማንነቴን ጠይቆ መልስ ሳያገኝ። እማዬ በግድግዳው ማዶ አንድ ጊዜ አሳለች። ሙቀጫው ከፊቴ፣ ከመደርደሪያው ሥር አለ።

ያን ማታ እንደዚያ ያየችኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ማወቄን ያወቀችው ያኔ ነው? ወይስ ገና ከግንቡ አጥር ሥር፣ ወረቀቱን አጥፌ እጄን እጇ ውስጥ ሳስገባ?