ሲጋራን ከአጃቢዎቹ ለይቼ እንዴት እንደተውኩት

ሲጋራ ያቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቁርጠኝነቱ ነው። እኔ በቁርጠኝነቴ የምመካ ሰው አይደለሁም፤ ለመተው የበቃሁት ሲጋራ ውስጥ ከትምባሆው ቅጠል ሌላ ምን ምን እንደሚጨመርና ለምን እንደሚጨመር ካነበብኩ በኋላ፣ ሱሱን ከየትኛው ጫፍ ይዤ እንደምፈታው ስለ ገባኝ ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምሠራውም ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። የሒሳብ ሰው በወጪ ሰነድ ላይ ያልጠበቀውን ዕቃ ሲያይ «ይህ ለምን ተገዛ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ፋብሪካ ስኳር፣ ካካዎና ግሊሰሪን ገዝቶ ትምባሆ ላይ የሚጨምር ከሆነ፣ ከዚያ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ግድ ነው ብዬ ጀመርኩ።

ለብዙ ዓመታት ሲጋራ የምገዛው በፍሬ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት የሚቆመው ሱቅ በደረቴ ገና ከደረጃው ስወርድ አይቶኝ አንድ ፍሬ ያወጣል፣ ላይተሩንም በሌላ እጁ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። በፍሬ የሚገዛ ሰው ፓኬቱን አያይም፤ ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የፓኬቱን የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶ እንዲሸፍን ያዘዘው ማስጠንቀቂያ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ቆይቷል። ቀረጡም እንዲሁ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የተሻሻለው የኤክሳይስ ታክስ በመቶኛ ከሚሰላው በተጨማሪ በአንድ ፓኬት ላይ 8 ብር ሲጥል፣ ለአንድ ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ብቻ ሆነና አልተሰማኝም። በመጨረሻ ሙሉ ፓኬት ገዝቼ ዙሪያውን አገላብጬ ሳነበው፣ ማስጠንቀቂያው በጉልህ ቢታይም ትምባሆው ውስጥ ስለ ተጨመሩት ነገሮች የሚዘረዝር ጽሑፍ አጣሁበት። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የብስኩት ማሸጊያ ግን ከዱቄቱ እስከ ማቆያው ድረስ ሁሉንም በተርታ ጽፏል።

ዝርዝሩን ለማግኘት ወደ ውጭ ሀገር ሰነዶች መሄድ ነበረብኝ። ትላልቆቹ የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1994 ለሀገራቸው የጤና መሥሪያ ቤት ያስረከቡት፣ ኋላም ለሕዝብ ይፋ የሆነው ዝርዝር 599 ተጨማሪዎችን ይዟል። በአንድ ሲጋራ ውስጥ 599ኙም ይገኛሉ ማለት አይደለም፤ አምራቹ ከእነዚያ ውስጥ መርጦ ይቀምማል። ሳነበው መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ማር፣ ቫኒላ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ድንብላል፣ ቅርንፉድ፣ ቡና ሳይቀር ተዘርዝሯል፤ የመርዝ ዝርዝር ሳይሆን የእናቴን ጓዳ ይመስላል።

አምራቾቹም የሚከራከሩት በዚሁ ነው፤ አብዛኞቹ ለምግብነት የተፈቀዱ ናቸው ይላሉ። ነገር ግን የተፈቀዱት ለመበላት እንጂ ለመቃጠል አይደለም። ሲጋራ ሲሳብ የፍሙ ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጠጋ፣ በዚያ ውስጥ ያለፈ ስኳር ስኳር ሆኖ አይወጣም። ከሚፈጥራቸው ነገሮች አንዱ አሴታልዲሃይድ ሲሆን፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የኒኮቲንን ሱስ የማስያዝ ኃይል እንደሚያጠናክር ታይቷል። ትምባሆው እንዳይደርቅ የሚጨመረው ግሊሰሪንም በከፍተኛ ሙቀት ሲበታተን የመተንፈሻ አካላትን የሚያስቆጣ አክሮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሊወጣው ይችላል። ከዚህም ሌላ የተበላ ነገር በጨጓራና በጉበት በኩል ተጣርቶ ሲያልፍ፣ የተሳበ ጭስ ከሳንባ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይበቃዋል።

ይበልጥ የያዘኝ ግን የእያንዳንዱ ተጨማሪ የሥራ ድርሻ ነው። ስኳር ጉሮሮ የሚቧጥጠውን ጭስ ያለዝበዋል። የአሞኒያ ውህዶች የአሲድነቱን መጠን ቀንሰው ኒኮቲኑ በቀላሉ ወደ ሰውነት በሚሰርግበት መልክ እንዲገኝ ያግዛሉ። ሜንቶል ደግሞ በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ቅዝቃዜን የሚለዩትን የነርቭ ተቀባዮች ስለሚያነቃ፣ የጋለ ጭስ እየገባ ሳለ አንጎል ቀዝቃዛ አየር የተሳበ ይመስለዋል። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ሜንቶል ያለውን እየመረጥኩ «ይህ ለጉሮሮዬ ይሻለዋል» እል የነበረው በዚህ ምክንያት መሆኑ ነው፤ ጉሮሮዬን ከጉዳት የሚያድነውን ሳይሆን መጎዳቱ እንዳይሰማኝ የሚያደርገውን ነበር የምገዛው። የአውሮፓ ኅብረት ሜንቶል ያላቸውን ሲጋራዎች እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ጀምሮ ከገበያ ሲያስወጣ፣ በእኛም ሀገር ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ጣዕም የተጨመረባቸውን የትምባሆ ውጤቶች ከልክሏል። ሱቅ በደረቴው ግን በኮንትሮባንድ የገባውን ከሣጥኑ ሥር አያጣም ነበር።

እግረ መንገዴን «ላይት»፣ ማለትም ቀለል ያለ ነው የሚባለውንም ሲጋራ መረመርኩ። ፊልተሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ወረቀቱን በብርሃን ሳየው፣ ዙሪያውን በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀለበት ተደርድረውበታል። ሲጋራውን የሚለካው ማሽን ሲስብ በእነዚያ ቀዳዳዎች ንጹሕ አየር እየገባ ጭሱን ያቀጥነዋል፤ የሚመዘገበውም የታር፣ ማለትም ጭሱ የሚተወው የሚያጣብቅ ዝቃጭ፣ መጠን ዝቅ ይላል። ያንኑ ሲጋራ እንደ ልማዴ ስይዘው ሁለቱ ጣቶቼ ልክ በቀዳዳዎቹ ላይ ያርፋሉ። ማሽኑ ጣት የለውም።

ይህን ሁሉ በምሳ ሰዓት ሳወራ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ «እንግዲያው ጥፋቱ የፋብሪካው ቅመም ነዋ፤ አባቶቻችን በጋያ ያጨሱት ንጹሕ ትምባሆ ምን አደረጋቸው?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የትምባሆ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን ይይዛል፣ ከእነዚህም ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር አምጪ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚመጡት ከራሱ ከቅጠሉና ከመቃጠሉ ነው። ናይትሮሳሚን የሚባሉት ካንሰር አምጪዎች በዋነኛነት የሚፈጠሩት ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ማንኛውም ቅጠል ሲጨስ ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ምርታቸውን «ተፈጥሯዊ» ወይም «ተጨማሪ የሌለው» እያሉ ለሚሸጡ ሦስት አምራቾች ማስጠንቀቂያ የጻፈውም፣ አገላለጹ ጉዳቱ የቀነሰ እንደሆነ ያስመስላል በሚል ነው። ለእኚህ ባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ፣ የሚገድለው ጭሱ ነው፣ ተጨማሪዎቹ ደግሞ ጭሱ ሳይጎረብጥ እንዲገባና ሰው እንዲደጋግመው መንገድ ይጠርጉለታል የሚል ነበር። አልተረቱልኝም፤ ግን ጋያውን ዳግመኛ አላነሱትም።

ከዚህ ንባብ ያወጣሁት ዘዴ አንድ ነው፤ ሲጋራውን ከመተዌ በፊት እንዲጥመኝ የሚያደርጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ማራቅ። ፋብሪካው የጨመረውን ማውጣት አልችልም፤ እኔ በራሴ የጨመርኩትን ግን እችላለሁ። በትንሽ ደብተር ላይ የለኮስኩበትን ሰዓት፣ ምን እያደረግሁ እንደነበርና ከሲጋራው ምን እንደጠበቅሁ መጻፍ ጀመርኩ። ደብተሩ እንዳሳየኝ ከማኪያቶ፣ ከምሳ፣ ከስልክ ወሬና ከጫት ውጭ የማጨሳቸው ሲጋራዎች ጥቂት ናቸው። መጀመሪያ ጣዕም ያለውን ተውኩ። ቀጥሎ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ላለመለኮስ ወሰንኩ። ከዚያም ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ፣ ብቻዬን፣ ከሕንፃው ጀርባ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሜ ብቻ አጨስ ጀመር። ያለ ቡና፣ ያለ ጨዋታና ያለ ወንበር የሚጨስ ሲጋራ ምን ያህል ጎምዛዛና አሰልቺ እንደሆነ ለማመን መሞከር ያስፈልጋል፤ ከግማሹ በላይ ሳልደርስ የምጥለው እየበዛ ሄደ።

የማቆሚያዬን ቀን ከጾም ጋር አላያያዝኩትም። በሁዳዴ የተዉ ወዳጆቼ በፋሲካ ከዶሮው ጋር ሲጋራውንም ሲፈስኩበት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጾም መግቢያ እንዳለው ሁሉ መፍቻም አለውና። ስለዚህ ምንም በዓል ያልተጠጋው ተራ ሰኞ መረጥኩ። ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝን የኒኮቲን ማስቲካም ተጠቀምኩ። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ጥቂት ታኝኮ ምሬቱ ሲሰማ ጉንጭና ድድ መካከል ይቀመጣል፣ ሲደበዝዝ እንደገና ይታኘካል። ቸኩሎ የሚያኝከው ሰው የሚያተርፈው ስርቅታና የሆድ መረበሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን መተኪያዎችን ከ2009፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉትን መድኃኒቶች ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ስላካተተ፣ ሐኪምን ስለ እነዚህ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ማንም ያልነገረኝ ነገር የቡናው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም ከዓይኔ ጠፋ፤ ሁሉንም የሱሱ ጥያቄ ነው ብዬ ልሸነፍ ደርሼ ነበር። ኋላ እንዳነበብኩት በጭሱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ውህዶች ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ አጫሽ ካፌይኑን የሚያስወግደው ከማያጨሰው በሁለት እጥፍ ያህል ፍጥነት ነው። ጭሱ ሲቆም ጉበት ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ያው የለመዱት ቡና ግን በደም ውስጥ ካፌይኑ በዝቶ ይቆያል። ቤት ውስጥ ከአቦል እስከ በረካ እጠጣ የነበረውን ከአቦል እንዳላልፍ፣ ውጭ የምጠጣውንም በግማሽ እንድቀንስ ራሴን አስገደድኩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንቀጥቀጡ ለቀቀኝ፣ ማታም መተኛት ቻልኩ። ቡና በሚጠጣ ሀገር ሲጋራ የሚያቆም ሰው ሁሉ ከማቆሙ በፊት ሊሰማው የሚገባ ምክር ካለ ይህ ነው።

አፌ ሥራ ሲፈልግ ቅርንፉድ እይዝ ነበር። ውስጡ ያለው ዩጂኖል ምላስን በመጠኑ ስለሚያደነዝዝ የማጨስ ጥማቱን ለጥቂት ደቂቃዎች ያስታግስልኛል፤ ጥማቱም ቢሆን ከዚያ በላይ አይቆይም። በነገራችን ላይ ቅርንፉድ ትምባሆ ውስጥ የሚገባውም ጉሮሮን በዚሁ ኃይሉ ስለሚያደነዝዝ ነው። ለጫቱ ግን ብልሃት አላገኘሁለትም። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሲጋራን እምቢ ይላል ብዬ ስለማላምን የቅዳሜውን በርጫ ለወራት ቀረሁ፤ ወዳጆቼ ቅር ተሰኝተውብኛል።

ሰውነቴ ወዲያው አላመሰገነኝም። በጭሱ ሽባ ሆነው የቆዩት የመተንፈሻ ቱቦ ጥቃቅን ፀጉሮች ሥራቸውን ሲጀምሩ አክታ ስለሚያወጡ ሳሉ መጀመሪያ ብሶ ነበር። ለውጡን ያየሁት በእግሬ ነው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን እስከ ማዘጋጃ ቤት መውጣት ቀድሞ ሁለት ቦታ ያስቆመኝ ነበር፤ አሁን አያስቆመኝም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ኦክስጅኑ ራሱ የሳሳ ነው፤ አጫሹ ከቀረው ላይ ነው የሚያስነጥቀው። ሐኪሜ ሌላም ነገር ጨምረው ነገሩኝ፤ ማጨስ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በሽታው ከሚበዛባቸው ሀገራት አንዷ ናት። ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ተጨማሪው አደጋ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለሳንባ ካንሰር ግን እስከ 10 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይዞ መጣ። «ይሄ እኮ ጭስ የለውም፣ ተን ነው፣ አጎቴ» አለኝ። ማሸጊያውን ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ የእንጆሪ ጣዕም፣ ኒኮቲን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሲጋራ ውስጥ ትምባሆውን ሲያረጥቡ አውቃቸዋለሁ፤ ሦስተኛው ሜንቶል ይሠራው የነበረውን ይሠራል፤ አራተኛውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሕጉ ቬፕን መሸጥ እንደሚከለክል ብነግረው ሳቀ። እንጆሪው ባይኖርበት ይጀምረው እንደነበር ስጠይቀው ግን ጥቂት አሰበና፣ «ማን ይስበዋል ያለሱ?» አለኝ። አላቆመም፤ የእኔን ዓይነት ደብተር ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ፣ የሚጽፍበት መሆኑን ግን ገና አላየሁም።