ቶኪዮ፣ 1964

ዛሬ ከአባቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 የተካሄደውን የቶኪዮ ኦሊምፒክ የድሮ ፊልም ስናይ፣ ችቦውን ይዞ ደረጃውን የሚወጣው ወጣት ልቤን ነካው። ይህ ወጣት፣ ዮሺኖሪ ሳካይ፣ የተወለደው ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ በተጣለበት ዕለት፣ በዚያው በሂሮሺማ ግዛት ነበር። ጃፓን በተሸነፈች በ19 ዓመቷ፣ ቶኪዮን ከኦሳካ የሚያገናኘውን ሺንካንሰን የተባለውን ፈጣን ባቡር ለኦሊምፒኩ መክፈቻ 9 ቀን ሲቀረው ሥራ አስጀምራለች።

አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ አባቴ ዛሬ የሆነ ያህል አጨበጨቡ። እኔን ግን አንጀቴን የበላው ስታዲየሙን ሁለተኛ ሆኖ የረገጠው ጃፓናዊው ወታደር ኮኪቺ ፁቡራያ ነው፤ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ መጨረሻው መስመር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ አለፈው። አባቴ «ነሐስ እኮ አግኝቷል» አሉኝ፤ እኔ ያንን ዙር መልሼ ከፈትኩት።