ባዶው ባቡር ለጥምቀት አልደረሰም

የመዝናኛው ባለቤት የሮለር ኮስተሩን፣ የዚያን ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚፈተለክ የመጫወቻ ባቡር፣ መክፈቻ ቀን ያስታወቀው መሠረቱ ሳይቆፈር ነው። ለጥምቀት። ምክንያቱ አያከራክርም፤ ጥር 10 እና 11 ጎንደር ውስጥ አልጋ አይገኝም፣ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚመለሰው እንግዳ ሁሉ ልጁን የሚያዝናናበት ቦታ ይፈልጋል። ሐሳቡ አይታማም። የሚታማው ስሌቱ ነው፤ ከጥር ወደ ኋላ ቆጥሮ ክረምቱን ዘሎት አለፈ።

ዕቃው ትልቅ የሚባል አይደለም። መውጫው (ሞተር ባቡሩን በካቴና ስቦ የሚያወጣበት ጉብታ) 13 ሜትር፣ ሐዲዱ 300 ሜትር ገደማ፣ አንድ ባቡር፣ አምስት ፉርጎ፣ በፉርጎ አራት ሰው። ግን ከ13 ሜትር የወረደ ነገር፣ ፍትጊያና ንፋስ ባይዘው፣ ታች ሲደርስ በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር ይበራል። «የልጅ መጫወቻ ነው፣ ምን ያስቸግራችኋል ምን ያዘገያችኋል» የሚሉት ይህን ያላሰሉት ናቸው።

የመጀመሪያው መዘግየት የመጣው ከአፈሩ ነው። ቦታው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠ ፉቲንግም (የምሰሶ መሠረት) አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። ሐዲድ ደግሞ የሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ዋልካው ተዝቆ ወጥቶ፣ ገረጋንቲ በንብርብር ገብቶ እስኪጠቀጠቅ ሚያዝያና ግንቦት አለቁ። ሰኔ ገባ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ፓምፕ ገባ፣ ግድግዳው ተናደ፣ እንደገና ተጠረገ። በጎንደር ክረምት ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ቀሪውን ስለሚያውቀው እንለፈው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው የአንከር ቦልቱ ነገር ነው። አንከር ቦልት፣ ምሰሶውን ከመሠረቱ የሚያስረው ብረት፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው በቴምፕሌት (ቦልቶቹን በቦታቸው በሚይዝ ቀዳዳ ያለው ላሜራ) ተይዞ ነው፤ ቴምፕሌቱም ኮንክሪቱ እስኪጠና ከላዩ አይነሳም። የመሠረቱን ሥራ የያዘው ንዑስ ተቋራጭ ለ26 ፉቲንግ ያሠራው ሁለት ቴምፕሌት ብቻ ነበር። ማታ ይሞላል፣ ጠዋት ነቅሎ ወደ ቀጣዩ ይሮጣል። አንዱ ላይ ግን ጠዋትንም አልጠበቀም፤ ሞልቶ እንደጨረሰ ነቀለው፣ ከዚያ ደግሞ ኮንክሪቱን የሚያንቀጠቅጠውን ቫይብሬተር መለሰበት። ቦልቶቹ 14 ሚሊ ሜትር ሸሹ። የቤዝ ፕሌቱ፣ ማለትም የምሰሶው እግር ብረት፣ ቀዳዳ ከቦልቱ የሚሰፋው በ3 ሚሊ ሜትር ነው።

ተቋራጩ መላ አላጣም። «ቀዳዳውን በኦክሲጅን እሳት ማስፋት ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለ። በኦክሲጅን የሰፋ ቀዳዳ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ዝገት የሚከላከለው ዚንኩ ይለቃል፣ ሮንዴላውም ግማሹ የሚያርፍበት ያጣል። የቤት ኮለን (ምሰሶ) ክብደቱን ወደ ታች ይዞ ይቀመጣል፤ የኮስተር ኮለን ግን ባቡሩ ባለፈ ቁጥር አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ወደ ላይ ይነቀላል፣ አንዴ ወደ ጎን ይገፋል፤ ይህን ሁሉ የሚይዙት እነዚያው ቦልቶች ናቸው። ስለዚህ ፉቲንጉ ተሰብሮ እንደገና ተሞላ። ኮንክሪት በ7 ቀኑ የጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይይዛል፤ የታሰበለት ጥንካሬ የሚለካው ግን በ28 ቀኑ ነው፣ ይህን ደግሞ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ማፋጠን አይቻልም። ተቋራጩ ዛሬም ድረስ «መሐንዲሶቹ ነገር አጠበቁብኝ» እያለ ያወራል አሉ። ያውራ። 26 ቴምፕሌት 26 ቁራጭ ላሜራ ነው እንጂ 26 ቤት አይደለም።

ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ በሚሌ፣ በወልድያና በወረታ በኩል ሳይቱ የደረሰው ነሐሴ ላይ ነው። የሐዲዱ ቁራጭ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ዝናብ ላይ ቢያድር ግድ የለም። የቡሎኖቹ ሣጥኖች ግን ሸራ ሳይለብሱ ከረሙ። ነገሩን ቀላል የሚያደርጉት አሉ። ቶርክ ሬንች (ጉልበት የሚለካ ማጥበቂያ ቁልፍ) የሚነግረን ቡሎኑ ምን ያህል እንደተወጠረ አይደለም፤ ለመዞር ምን ያህል ጉልበት እንደፈጀ ነው። ጥርሱ የዛገ ቡሎን ጉልበቱን ፍትጊያው ይበላዋል፤ ቁልፉ «ቀጭ» ይላል፣ ቡሎኑ ግን እንደላላ ነው። ግሪስ የጠጣው ደግሞ በዚያው ቁጥር ከልኩ በላይ ተወጥሮ ሊበጠስ ይችላል። የአምራቹ ሠንጠረዥ ደረቅ ነው ያለው ወይስ የተቀባ የሚለውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ማጥበቅ ዋጋ የለውም። የዛጉት ተጣሉ። አዲሱ እስኪመጣ ኤልሲ፣ ባንክ፣ ትራንዚተር፣ ጉምሩክ። «ከሱቅ አይገዛም ወይ?» ተብሎም ነበር፤ አናቱ ላይ 10.9 (የቡሎን ጥንካሬ ደረጃ ነው) የተጻፈበት ሁሉ 10.9 ቢሆን ጥሩ ነበር።

ገጠማው አልቆ ሙከራ የተጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። መጀመሪያ ባቡሩ በገመድ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ እጁን የዘረጋ ተሳፋሪ የሚደርስበትን ያህል የተንጣለለ የእንጨት ፍሬም ላዩ ላይ ይታሰራል። ፍሬሙ የነካው ነገር፣ አምፖልም ይሁን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ይነሳል። ከዚያ ባዶውን ይለቀቃል፣ ከዚያ ተጭኖ። ጭነቱ በሰው 75 ኪሎ ነው የሚታሰበው። በማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ ተሞከረ፤ አንዱ ጆንያ ፈነዳና አሸዋው ሐዲዱ ላይ ተዘራ። ጎማዎቹ ፖሊዩሪቴን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፤ አሸዋ ይበላቸዋል። ስለዚህ ወደ ውሃ ተዞረ፦ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን፣ በወንበር ሦስት፣ ለ20 ወንበር 60 ጀሪካን፣ በጠቅላላው 1500 ሊትር።

ያኔ ሰፈሩ ውሃ ካየ ሰንብቷል። አንዲት እናት በአጥሩ ክፍተት አይተው «በአርባ አራቱ ታቦት! እኛ ባዶ ጀሪካን ይዘን ስንዞር እነሱ የሞላውን ያንሸራሽሩታል!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ባለቤቱ ዘንድ ደረሰና ሙከራው ባበቃ ቁጥር ውሃው ለሰፈሩ እንዲታደል ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ጠዋት አጥሩ ሥር ጀሪካን ይደረደራል፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ዛሬ ስንት ዙር ቀራችሁ?»

ጥር 6 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባለቤቱ እንግዶች አስከትሎ መጣ። ብርዱ ይጋረፋል፣ ንፋሱ ከፊት ነው። ባቡሩ ባዶውን ተለቀቀ። መውጫውን ወጣ፣ ወረደ፣ ሁለተኛው ጉብታ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው አመነታ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ሲወዛወዝ ቆየና ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለ ባለቤቱ።

«ቆመ» አሉ የተከላ ኃላፊው።

«መቆሙንማ አየሁ። ለምን ቆመ?»

«በርዶት ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ኃላፊው ግን አልቀለዱም። ፖሊዩሪቴን ሲቀዘቅዝ ይደድራል፣ ሲንከባለልም ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ግሪስ ይወፍራል፤ አዲስ ኩሽኔታ ደግሞ ማሸጊያው ገና አልለሰለሰም። ጠዋት ባዶውን የሚቆም ባቡር ከሰዓት በኋላ ተጭኖና ሞቆ ፍሬኑ ላይ በኃይል ይደርሳል፤ ሁለቱንም መቻል አለበት።

ባለቤቱ ትንሽ አሰበ። ሞኝ ሰው አይደለም።

«ትናንት በጀሪካን ሲዞር ግን አልፏል አይደል?»

«አልፏል።»

«ስለዚህ ሲከብድ ያልፋል።»

«ያልፋል።»

«እኛ ደግሞ ሰው ነው የምንጭነው፤ ባዶ ለምን እንነዳለን? እንከፍታለን!»

ማንም ወዲያው አልመለሰለትም፤ ምክንያቱም ፊዚክሱ ልክ ነበር። የንፋሱ ግፊት፣ የማሸጊያው መጥበቅ፣ የጎን ጎማዎቹ ሐዲዱን መቆንጠጥ፣ እነዚህ ባቡሩ ስለከበደ አይጨምሩም፤ ከከፍታው ይዞት የሚወርደው ጉልበት ግን ይጨምራል። ከባዱ ከጉልበቱ ላይ የሚያጣው ድርሻ ያነሰ ነው። ዲፕሎማ ይዘው ይህን የማያውቁ አሉ።

«ልክ ነዎት» አሉ ኃላፊው። «ማክሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ብትመጣስ? ሌሎቹን 17 ሰዎች ከየት ላምጣ?»

«እስኪሞላ ትጠብቃለቻ! ሚኒባስ ሳይሞላ ይነሳል እንዴ?»

«ሚኒባስ ቢቆም ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። እዚያ 4 ሜትር ላይ ማን ወርዶ ይገፋል?»

«እሺ፣ ስንት ቀን ነው የሚቀረው?»

«ቀኑን አላውቅም። የሚቀረኝ ዙር ነው።»

ባለቤቱ እንግዶቹን ይዞ ወደ ቁርስ ሄደ። ባቡሩ በቲርፎር (በእጅ በሚሠራ የገመድ መጎተቻ) ተጎትቶ ወጣ።

ብርዱ እውነት ነበር፤ ግን ግማሹ እውነት ብቻ። ሐዲዱ በእጅ ሲዳሰስ ከሁለተኛው ጉብታ በፊት ያለው መጋጠሚያ ላይ ጥቁር የፖሊዩሪቴን ዱቄት ተገኘ፤ በአንድ ወገን ያሉት የጎን ጎማዎችም ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃሉ። መጋጠሚያው ወደ ጎን በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ተዛንፏል። ከሥሩ ያለው ኮለን የትኛው ነው? ያው ተሰብሮ የተሞላው። የመጨረሻው ስለነበር በጥድፊያ ተተክሎ፣ አሰላለፉ ሳይጣራ ግራውት (ከእግር ብረቱ ሥር የሚሞላ የሲሚንቶ ድብልቅ) ገባበት፤ ሁለቱ የሐዲድ ጫፎች ደግሞ በቡሎን ተጎትተው በግድ ተጋጠሙ። በዚያ ላይ የጎን ጎማዎቹ ከኋላቸው ስስ ላሜራ በዝቶባቸው ሐዲዱን አንቀው ይዘዋል። በልኩ የተስተካከለ የጎን ጎማ በእጅ ሲያዞሩት በትንሽ ጉልበት ይዞራል፤ እነዚህ ንቅንቅ አይሉም።

ጥገናው ረጅም ነው፦ መጋጠሚያውን መፍታት፣ ግራውቱን መፈልፈል፣ ከቤዝ ፕሌቱ ሥር ባሉት ዳዶዎች ኮለኑን ማስተካከል፣ የሐዲዱን ጫፎች ያለ ጉልበት ማገናኘት፣ አንዴ የተወጠሩትን ቡሎኖች ጥሎ በአዲስ ማሰር፣ ከዳዶው እስከ ፍላንጁ (ቡሎኑ የሚያስረው የሐዲድ ጠርዝ) በቀለም ማስመር፣ ቡሎኑ ቢዞር መስመሩ ስለሚሰበር ከታች ሆኖ በዓይን ለማየት። አዲስ ግራውት፣ ከጎን ጎማዎቹ ላሜራ መቀነስ። ሐዲድ ስለተነካ የተጫነው ሙከራ ከዜሮ ይጀመራል። ሰፈሩ ተደሰተ።

በዚህ መሐል መብራቱ የራሱን ድርሻ አዋጣ። ቮልቴጁ ሲወርድ የመውጫው ሞተር ይቆማል፤ ባቡሩን ወደ ኋላ እንዳይመለስ ጥርሱ ይይዘዋል፣ ተሳፋሪም በደረጃው ይወርዳል፣ ስለዚህ አደጋ የለውም፣ ዙሩ ግን ይበላሻል። ጀነሬተሩ ላይ በተለጠፈው መግለጫ የተጻፈው ኃይል ከበቂ በላይ ነበር፤ ካቴናው ሙሉ ባቡር ይዞ ሲነሳ ግን ያቃስታል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ሻጩ ይህን ቢናገር ትልቁን መሸጥ ይችል ነበር፤ አልተናገረም።

ጥምቀት አለፈ። ሮለር ኮስተሩ የተከፈተው የካቲት ላይ፣ በጾም፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ጥቂት ስለነበር ኦፕሬተሮቹ ቀበቶ ማሰርና መፍታቱን ሳይዋከቡ ተለማመዱበት፤ በጥምቀት ግርግር ይህ አይታሰብም። ባለቤቱ ለጋዜጠኛ ሲናገር «ሆን ብለን ነው ያዘገየነው። እኛ የምንቆጥረው ቀን አይደለም፣ ዙር ነው» አለ። ኃላፊው ከኋላ ቆመው ሰሙ፤ ምንም አላሉም፣ ቀሪ ክፍያ ነበራቸው።

ያዘኑት የአጥሩ እናት ናቸው። ሁለት ጀሪካን ይዘው መጥተው ባቡሩ ሰው ጭኖ ሲዞር አዩና «ደግሞ መቼ ነው የምትሞክሩት?» ሲሉ ጠየቁ።

«በዓመት አንዴ ነው እማማ፤ ዋልካው ካበጠ በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ» አሏቸው ኃላፊው።

«ያን ጊዜማ ውሃ አለ» አሉና ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።