ወለም ያለ እግር ቶሎ አይታሽም

ደብረ ማርቆስ ላይ ሯጭም ሆነ ኳስ ተጫዋች ወለም ሲለው ብዙውን ጊዜ ወጌሻ ጋ ይሮጣል። ስፖርትን የሚያውቅ ወጌሻ ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት አያሽም፤ የተጎዳው ጅማት ውስጥ ውስጡን እየደማ ስለሆነ እሽት እብጠቱን ያባብሰዋል። ቀድሞ አጥንቱን በአውራ ጣት ይፈትሻል። ከቁርጭምጭሚቱ ጉልህ አጥንት ጫፍ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የኋላ ጠርዙን ሲጫኑት ካመመ ወይም 4 እርምጃ መራመድ ካቃተ ራጅ ያስፈልጋል። መጎተትማ በፍጹም!

ስብራት ከሌለ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ፣ በየ2 ሰዓቱ። የሚለጠጥ ፋሻ ከእግር ጣቶች ሥር ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ ጣቶቹ ከደነዘዙ ጠብቋልና ይላላ። እብጠቱ ሲጎድል በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም ይጀመር። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ያው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለውም ለዚህ ነው።