የእርግዝናዬን ዘጠነኛ ወር ይዣለሁ

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቴ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ። ጮህኩ። ባሌ በርግጎ ተነሳ፣ መብራት እንኳን ሳያበራ ተረከዜን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የእግሬን ጣቶች ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋቸው። አንድ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ይዞ ቆየ። ከዚያ ሲለቀኝ ተሰማኝ፣ መጀመሪያ ከጉልበቴ ሥር፣ ቀጥሎ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ይህን ያሳየችን ለክትትል ስሄድ የምታየኝ ሲስተር ናት። እኔ በፊት ሲይዘኝ ጣቶቼን ወደ ፊት ዘርግቼ እንጠራራ ነበር፣ ያ ደግሞ ጭራሽ ያብሰዋል።

የመጀመሪያ ልጄ ነው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሲሉኝ አሜን የምለው ከልቤ ነው። ግን ወገቤን አመመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ስል «ቻይው፣ ሊያልቅ እኮ ነው» የሚለው መልስ ያናድደኛል። ከሚያመኝ ነገር ውስጥ አብዛኛው ሊቀል የሚችል ነው። ጥቂቱ ደግሞ ጭራሽ ዝም ተብሎ የማይታለፍ፣ ሮጠው ሄደው የሚታዩለት ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግረኝ ሰው እስካገኝ ድረስ ብዙ ሌሊት በከንቱ ተሰቃየሁ።

ቃሩ የጀመረኝ በሰባተኛው ወር ነው። አክስቴ ቃር ሲበዛ ልጁ ጸጉራም ነው ትላለች። ሲስተር እንዳስረዳችኝ ግን ማህፀን ወደ ላይ እየገፋ ሲመጣ ጨጓራ ቦታ ያጣል፣ በዚያ ላይ የእርግዝና ሆርሞን የጨጓራን አፍ የሚዘጋውን ጡንቻ ስለሚያላላው አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ቀይ ወጥ ተውኩ። አንድ ሰዓት ላይ በአልጫ ትንሽ እበላና እስከ ሦስት ሰዓት ጋደም አልልም። ቀንም እንደ ድሮው በአንዴ ከመጥገብ አራት አምስት ጊዜ ቀመስ ቀመስ አደርጋለሁ። አልጠፋም፣ ግን ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም።

እንቅልፍ ካልኩ አይቀር ስለ ጋቢው ልንገራችሁ። በጀርባ ስተኛ ያዞረኝ ነበር። ለካ ማህፀኑ ከበታች አካል ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። በጎን ተኚ፣ በተለይ በግራ ተባልኩ። ጉልበቴ መሃል ትራስ ባደርግ እየተንሸራተተ አልጋ ሥር ይገባል። እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ ርዝመቱን ጠብቄ አጥፌ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሳስገባው ግን ሌሊቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ነጠላ ጠቅልዬ ደግሞ ሆዴ ሥር እደግፋለሁ። ዳሌዬ ላይ የነበረው ውጋት ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ብል አላጋነንኩም። በጀርባዬ ተኝቼ ብነቃም አልደነግጥም፣ ዞሬ እተኛለሁ።

እግሬስ? ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ መስመር እንደ ገመድ ታትሞ ይቀራል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓድ ይሠራል፣ ቶሎም አይሞላም። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆምኩ ቀን ይብሳል። አሁን ቤት እንደገባሁ ሁለት ትራስ ደርቤ እግሬን ለሃያ ደቂቃ ከፍ አደርጋለሁ፣ ጫማዬንም በአንድ ቁጥር አሳደግኩ። ሰሞኑን አንድ ረዳት ገና ሲያየኝ ጋቢና የተቀመጠውን ልጅ አስነስቶ «ነይ እናቴ፣ እዚህ ግቢ» አለኝ። እግዜር ይስጠው። ቀበቶ ስታስሩ ከሆድ በታች፣ ዳሌ ላይ ይሁን፣ ሆዳችሁ ላይ አታሳልፉት።

የደም ማነስ እንክብል ለምትወስዱ ደግሞ፣ ከቡና ጋር አትዋጡት። ቡናም ሻይም ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። እኔ አቦሉን ስጠጣ እየዋጥኩት ነበር ለወራት! አሁን ከቡናው ሁለት ሰዓት አራርቄ በውሃ እወስደዋለሁ፣ ቡናውም በቀን አንድ ስኒ ሆኗል። እንክብሉ ሆድ ድርቀት ያመጣል፣ እሱን በውሃ፣ በጎመንና በቅንጬ እየገፋሁት ነው።

አሁን ዋናው። ከሦስት ሳምንት በፊት ራሴን አመመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ። ቡና ስለቀነስኩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀለበቴ አልወጣ አለኝ፣ ፊቴም ዓይኔ ሥር ነፋ ብሏል። ጎረቤቴ «የእርጉዝ ወጉ ነው» አለችኝ። ባሌ ግን አላመነም፣ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ሄደ። ግፊቴን ለኩ፣ ሽንቴን ፕሮቲን አለው ወይ ብለው መረመሩ። ደግነቱ ሁለቱም ደህና ነበር። በከንቱ አስቸገርኳችሁ ስላት ሲስተር ተቆጣች። «ሁለት ቀን መቆየትሽ ነው ጥፋቱ» አለችኝ። ግፊት 140 በ90 ከደረሰ በእርግዝና ቀልድ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ምልክት የለውም። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከእንብርት በላይ በቀኝ በኩል የሚወጋ ህመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ደም፣ የሚፈስ ውሃ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ነገ አይባልም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ካቃጠለም እንደዚያው። እባካችሁ እህቶቼ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

ተቀጥራችሁ የምትሠሩም፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከመውለጃ ቀን በፊት 30 ተከታታይ የሥራ ቀን፣ ከወለዳችሁ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ አላችሁ። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ወጥቻለሁ። ቀን ላይ ጋደም ማለት መቻል ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ጠዋት ጠዋት ቀኝ እጄ ይደነዝዛል፣ አውራ ጣቴና ሁለቱ ጎረቤቶቹ። ስኒ ስይዝ ይከብደኛል። ትንሽ ነገር ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ ከሁሉ በፊት እሱን ለሲስተር እነግራታለሁ።